ናኖ አረፋና የኑክሌር ዝቃጭ፤ ለትንሹ አቃቂስ ምን ይፈይዳል?

በዓይን የማይታይ አረፋ ለብዙ ሺህ ዓመታት አደገኛ ሆኖ የሚቆይ ቆሻሻን ለማከም ሊያገለግል ይችላል ቢባል፣ አንባቢ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «እንዴት?» ብሎ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ደግሞ «እኛን ምን አገባን?» የሚል ይሆናል። ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱንም በተራ ለመመለስ እንሞክራለን። በቅድሚያ በእንግሊዝ አገር በሚገኙ አሮጌ የኑክሌር ማከማቻ ኩሬዎች ውስጥ የተጠራቀመው ዝቃጭ ምን እንደሆነና የናኖ አረፋ ፊዚክስ ከእሱ ጋር ምን እንደሚያገናኘው እናያለን። ከዚያም በመካኒሳ አቦ አካባቢ አልፎ ወደ አባ ሳሙኤል ወደሚወርደው ወደ ትንሹ አቃቂ ወንዝ እንመለሳለን።

ጽሑፉን ስናነብ አንድ መሠረታዊ ሐሳብ ከአእምሯችን ባይጠፋ መልካም ነው። በተፈጥሮ ሕግ መሠረት ቆሻሻ ዝም ብሎ አይጠፋም፤ መልኩን ወይም ቦታውን ይለውጣል። ስለሆነም «አዲስ ቴክኖሎጂ ቆሻሻን አጠፋ» የሚል ዜና በሰማን ቁጥር ልንጠይቅ የሚገባን «የት ሄደ? በምን መልክ?» ብለን ነው።

ዝቃጩ ከየት መጣ?

በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ በአይሪሽ ባሕር ዳርቻ፣ ሴላፊልድ የሚባል ሰፊ የኑክሌር ጣቢያ አለ። በዚሁ ሥፍራ ካልደር ሆል የተባለው የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ጥቅምት 17 ቀን 1956 እ.ኤ.አ. በንግሥት ኤልሳቤጥ ተመርቆ ለአገሪቱ የኤሌክትሪክ መረብ ኃይል መስጠት ጀመረ። ይህ ማመንጫና ከእሱ በኋላ የተተከሉት የመጀመሪያው ትውልድ ማመንጫዎች በነዳጅነት የተጠቀሙት ሜታላዊ ዩራኒየምን ሲሆን፣ ነዳጁ የተሸፈነው ማግኖክስ በሚባል የማግኒዥየም ቅይጥ ነበር። ማግኖክስ ለማመንጫው ውስጠኛ ክፍል ተስማሚ ቢሆንም አንድ ደካማ ጎን አለው፤ ከውሃ ጋር ለረጅም ጊዜ አይስማማም።

ከማመንጫው የወጣው ነዳጅ እስኪቀዘቅዝና ለቀጣዩ ሥራ እስኪዘጋጅ ድረስ ክፍት በሆነ ጥልቅ የውሃ ኩሬ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ውሃው ነዳጁን ያቀዘቅዛል፤ ጨረሩንም ይከላከላል። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1974 ነዳጁን የሚያቀነባብረው ፋብሪካ ለረጅም ጊዜ ሥራ በማቆሙ፣ ነዳጁ ከታቀደለት ጊዜ በላይ በውሃ ውስጥ ቆየ። ማግኒዥየም ከውሃ ጋር ሲዋሐድ ማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድና ሃይድሮጅን ጋዝ ይሰጣል። ሽፋኑ ተበላ፤ በውስጡ የነበሩት ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮችም ወደ ውሃው ወጡ። የብረት ዝገት፣ ከነፋስ የመጣ አቧራ፣ አልጌና ሌላም ተጨምሮበት በኩሬው ወለል ላይ ጭቃ መሰል ዝቃጭ ተከማቸ።

በዚህ አንድ ኩሬ ውስጥ ብቻ 14,000 ሜትር ኩብ ገደማ የተበከለ ውሃና ከ1,000 ሜትር ኩብ የሚበልጥ ዝቃጭ እንደነበረ ይነገራል። ዝቃጩን እያወጡ ወደ አዲስ ማከማቻ ማሸጋገር የተጀመረው በመጋቢት 2015 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው ጣቢያ የነዳጅ ሽፋን ፍቅፋቂ በውሃ ውስጥ የተቀመጠበት 22 ክፍሎች ያሉት ሌላ አሮጌ ሕንፃ አለ፤ ከዚያ ቆሻሻ ማውጣት የተጀመረው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። የእንግሊዝ ብሔራዊ የኦዲት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ጣቢያውን የማጽዳቱ ሥራ እስከ 2125 ድረስ እንደሚዘልቅና 136 ቢሊዮን ፓውንድ እንደሚፈጅ ተገምቷል።

አንድ የሚያስገርም ነገር እዚህ ላይ እናንሳ። የዝቃጩ ዋነኛ አካል የሆነው ማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድ በፋርማሲዎች የጨጓራ አሲድ ለማብረድ የሚሸጠው ነጭ ፈሳሽ መድኃኒት ውስጥ የሚገኘው ውሕድ ራሱ ነው። አደጋው ያለው ከእሱ ጋር ተደባልቀው በሚገኙት በሲሲየም 137፣ በስትሮንቲየም 90፣ በፕሉቶኒየምና በመሳሰሉት ላይ ነው። የሲሲየም 137 ግማሽ ዕድሜ 30 ዓመት ገደማ ነው። ይህም ማለት በ300 ዓመታት ውስጥ አሥር ጊዜ በግማሽ እየቀነሰ ከመጀመሪያው መጠን አንድ ሺህኛ ገደማ ብቻ ይቀራል ማለት ነው። ዛሬ ከ300 ዓመታት በፊት በጎንደር ነግሠው የነበሩት አፄ በካፋ ናቸው። የፕሉቶኒየም 239 ግማሽ ዕድሜ ግን ወደ 24,000 ዓመት የሚጠጋ በመሆኑ በነገሥታት ዘመን አይለካም።

ናኖ አረፋ ምንድን ነው?

የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት የሚንፈቀፈቀውን አረፋ ሁላችንም እናውቀዋለን። ጠርሙሱ ሲከፈት ግፊቱ ይቀንሳል፤ በውሃው ውስጥ ሟሙቶ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ አረፋዎቹም በፍጥነት ወደ ላይ ተነስተው ይፈነዳሉ። ናኖ አረፋ የምንለው ከእነዚህ በብዙ ሺህ እጥፍ የሚያንስ፣ ዲያሜትሩ ከአንድ ማይክሮሜትር በታች የሆነ የጋዝ አረፋ ነው። ለስሌታችን እንዲመች ዲያሜትሩ 200 ናኖሜትር፣ ሬዲየሱ ደግሞ 100 ናኖሜትር የሆነ አረፋ እንውሰድ። አንድ ናኖሜትር የአንድ ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው።

ይህ አረፋ ከተራ አረፋ የሚለይባቸው ሦስት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ወደ ላይ የማይወጣ መሆኑ ነው። አረፋን ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል የሚወሰነው በይዘቱ ነው፤ ዲያሜትሩ በግማሽ ሲቀንስ ይዘቱ በስምንት እጥፍ ይቀንሳል። በስቶክስ ሕግ ስናሰላ 200 ናኖሜትር የሆነ አረፋ በአንድ ቀን ሙሉ የሚወጣው ወደ 2 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በአንጻሩ የውሃ ሞለኪውሎች በየአቅጣጫው ስለሚገፈትሩት በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 2 ማይክሮሜትር ገደማ ወዲያና ወዲህ ይንከራተታል። ይህ ርቀት በዚያው ሴኮንድ ወደ ላይ ከሚወጣው ወደ 100 እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ናኖ አረፋ እንደ አረፋ ከመነሳት ይልቅ እንደ ብናኝ በውሃው ውስጥ ተንሳፎ ይኖራል።

ሁለተኛው የገጽ ስፋቱ ነው። አንድ ሚሊሊትር ጋዝ እንደ አንድ አረፋ ቢታሰብ የገጹ ስፋት 5 ስኩዌር ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም። ያው ጋዝ 200 ናኖሜትር ወደሆኑ አረፋዎች ቢከፋፈል ግን ጠቅላላ የገጽ ስፋቱ 30 ስኩዌር ሜትር ይሆናል። ይህ የአንድ ሰፊ ክፍል ወለል ያህል ነው። በውሃና በጋዝ ወሰን ላይ የሚካሄድ ማንኛውም ሥራ በዚሁ መጠን ሰፊ ሜዳ ያገኛል።

ሦስተኛው ኤሌክትሪካዊ ሙል ወይም ቻርጅ የያዘ መሆኑ ነው። በተራ ውሃ ውስጥ የአረፋው ገጽ አሉታዊ ሙል ይኖረዋል። ተመሳሳይ ሙል ያላቸው ነገሮች ስለሚገፋፉ፣ አረፋዎቹ እርስ በርስ ተጠጋግተው እንዳይዋሐዱ ይህ ሙል ያግዛቸዋል።

የሚያከራክረው ጥያቄ

እዚህ ላይ ጠንቃቃ የሆነ የፊዚክስ ተማሪ እጁን ማንሳቱ አይቀርም። ምክንያቱም የገጽታ ውጥረት ሕግ በአረፋ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጪው ምን ያህል እንደሚበልጥ ይነግረናል፤ የገጽታ ውጥረቱ በሁለት ተባዝቶ ለሬዲየሱ ይካፈላል። የውሃ የገጽታ ውጥረት 0.072 ኒውተን በሜትር ነው። ይህን በሁለት አባዝተን ለ100 ናኖሜትር ብናካፍለው 1,440,000 ፓስካል እናገኛለን። ይኸውም ከ14 ከባቢ አየር በላይ የሆነ ግፊት ነው። ጋዝ በዚህ ግፊት ሲጨመቅ ወደ ውሃው መሟሟቱ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1950 ኤፕስታይንና ፕሌሴት የተባሉ ሳይንቲስቶች ባዘጋጁት ስሌት መሠረት እንዲህ ያለ አረፋ ከአንድ ሺህኛ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ መጥፋት አለበት። ሆኖም በርካታ ተመራማሪዎች ናኖ አረፋዎች ለቀናትና ለሳምንታት መቆየታቸውን ዘግበዋል።

ይህን ተቃርኖ ለመፍታት የቀረቡ ማብራሪያዎች የተለያዩ ናቸው። ገሚሶቹ በገጹ ላይ ያለው ሙል ወደ ውጪ በመግፋት ግፊቱን ያቻችለዋል ይላሉ። ሌሎች በውሃው ውስጥ ያሉ ጥቃቅን የቅባት ሞለኪውሎች አረፋውን እንደ ልጣጭ ሸፍነው ጋዙ እንዳያመልጥ ያግዱታል ይላሉ። ከዚህም አልፈው፣ በብዙ ሙከራዎች «አረፋ» ተብለው የተቆጠሩት ነገሮች ከመሣሪያው የረገፉ ብናኞች ወይም የዘይት ጠብታዎች ናቸው የሚሉ ሳይንቲስቶች አሉ። በተራ የብርሃን መበተን ዘዴ ሲለኩ አረፋም ብናኝም አንድ ዓይነት ይመስላሉና።

ክርክሩን የሚለየው ጥሩ ሙከራ ነው። አረፋ ከውሃ ይቀልላል፤ ብናኝ አብዛኛውን ጊዜ ይከብዳል። አረፋ ግፊት ሲጨመርበት ይኮማተራል፤ ብናኝ አይኮማተርም። ጋዙ አስቀድሞ በተወገደለት ውሃ ላይ ያው ማሽን ቢሠራ አረፋ ሊፈጠር አይገባም፤ ብናኝ ግን ይረግፋል። እነዚህን ፈተናዎች ያላለፈ «የናኖ አረፋ» ውጤት በጥርጣሬ መታየት ይኖርበታል።

አረፋው ዝቃጩን እንዴት ያነሳል?

በአረፋ ማንሳፈፍ አዲስ ዘዴ አይደለም። የማዕድን ፋብሪካዎች የመዳብ ወይም የእርሳስ ማዕድን የያዘውን ብናኝ ከተራው ድንጋይ የሚለዩት፣ ብናኙን ውሃ ጠል የሚያደርግ ኬሚካል ጨምረውና ከታች አየር ነፍተው ነው። ውሃ ጠል የሆነው ብናኝ ከአረፋው ጋር ተጣብቆ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከላይም ይገፈፋል። ይህንኑ ዘዴ ለኑክሌር ዝቃጭ ለመጠቀም የሚደረጉ ጥናቶች አሉ። የሊድስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ ጥናት የሳሙና ባሕርይ ያላቸው ውሕዶችን በመጠቀም ጨረር የሌለውን ማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድ በአረፋ አንሳፎ ከውሃው መለየትን መርምሯል።

ችግሩ የዝቃጩ ብናኞች በጣም ደቃቅ መሆናቸው ነው። ትልቅ አረፋ ወደ ላይ ሲነሳ በዙሪያው ያለውን ውሃ ገፍቶ ያልፋል፤ ደቃቁ ብናኝ ከውሃው ጋር አብሮ ወደ ጎን ይወሰዳልና ከአረፋው ጋር አይገናኝም። ዝንብን በሰፊ ሰሌዳ ለመምታት የሞከረ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ሰሌዳው የሚገፋው ነፋስ ዝንቡን ቀድሞ ያሸሸዋል። ናኖ አረፋ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ናኖ አረፋዎች ውሃ ጠል በሆነው ብናኝ ገጽ ላይ ቀድመው ይለጠፋሉ ወይም እዚያው ይፈጠራሉ፤ ብናኞቹን እርስ በርሳቸው እያያያዙ ያሰባስባሉ፤ በኋላ የሚመጣው ትልቁ አረፋም ጋዝ ከለበሰው ብናኝ ጋር በቀላሉ ይጣበቃል። በአጭሩ ናኖ አረፋው ድልድይ ነው፤ ጭነቱን የሚያወጣው ትልቁ አረፋ ነው።

ለኑክሌር ሥራ ይህ ሐሳብ የሚስበው በሁለት ምክንያቶች ነው። በመጀመሪያ፣ ጋዝ ሥራውን ጨርሶ ስለሚሄድ ራሱ ተጨማሪ ቆሻሻ አይሆንም፤ በብዛት የሚጨመር ኬሚካል ግን ከዝቃጩ ጋር ተደባልቆ እሱም መቀበር ይኖርበታል። በሁለተኛ ደረጃ፣ አረፋውን ውሃን በጠባብ ጉሮሮ ውስጥ በፍጥነት በማሳለፍ ብቻ መፍጠር ስለሚቻል፣ ሰው ሊጠጋው በማይችል ሥፍራ የሚበላሽ ተንቀሳቃሽ አካል ያንሳል።

ጥቅሙን በቁጥር እንየው። መቶ ሜትር ኩብ ዝቃጭ አለን እንበል፤ ከይዘቱ 5 በመቶው ጠጣር፣ ቀሪው ውሃ ነው። ውሃውን ለይተን ጠጣሩ 25 በመቶ እንዲሆን ብናደርግ 20 ሜትር ኩብ ብቻ ይቀረናል። በሲሚንቶ ታሽጎ በበርሜል የሚቀበረው ቆሻሻ በአምስት እጥፍ ቀነሰ ማለት ነው። ነገር ግን የጨረሩ ጠቅላላ መጠን ቅንጣት አልቀነሰም፤ በጠጣሩ ላይ ያለው ጨረር አሁን በአምስት እጥፍ ጠብቦ ነው የተቀመጠው። በመሆኑም የበርሜሉ ግድግዳ ይወፍራል፤ የሠራተኛው ጥንቃቄ ይጨምራል። የትኛውም አረፋ የአንድን አቶም ግማሽ ዕድሜ በአንድ ሴኮንድ እንኳ አያሳጥርም።

የቡሆው ችግር

በእኛ ማእድ ቤት የሚታይ አንድ ነገር የዝቃጩን ሌላ ባሕርይ በሚገባ ያስረዳል። የጤፍ ሊጥ ሲቦካ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወዲያው አያመልጥም፤ ሊጡ ዝልግልግ ስለሆነ ጋዙን ይዞ ኩፍ ይላል። የእንጀራው ዓይንም የዚሁ ጋዝ መውጫ አሻራ ነው። በኑክሌር ዝቃጭ ውስጥም ከማግኒዥየምና ከውሃ የሚፈጠረው፣ እንዲሁም ጨረር ውሃን በመሰንጠቁ የሚወጣው ሃይድሮጅን እንዲሁ ይታገታል። ልዩነቱ ሃይድሮጅን የሚፈነዳ ጋዝ መሆኑ ነው። በአሜሪካ ሃንፎርድ በተባለው ጣቢያ ኤስ ዋይ 101 የሚባለው ታንከር በየመቶ ቀኑ ገደማ የታመቀውን ጋዝ በአንድ ጊዜ ይተፋ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ጋዙ በጥቂት በጥቂቱ እንዲወጣ የሚያማስል ፓምፕ ተተከለለት።

ከዚህ በመነሳት ናኖ አረፋን በዝቃጭ ላይ የሚያጠና ሰው ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎችን መገመት እንችላለን። አረፋው ዝቃጩን ሲያናውጥ የታገተው ሃይድሮጅን በድንገት ይወጣ ይሆን? የምንነፋው ጋዝስ ምን ዓይነት ነው? አየር ከሆነ በውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የኩሬውን ውሃ አልካላይንነት ይቀንሳል፤ የማግኖክስ መበላት ደግሞ የሚገታው ውሃው ጠንካራ አልካላይን ሆኖ ሲቆይ ነው። ስለዚህ ናይትሮጅን ሊመረጥ ይችላል። በኩሬው ውሃ ውስጥ ያለው ጨው የአረፋውን ሙል ጉልበት ስለሚያዳክም፣ በንጹሕ ውሃ ለሳምንት የቆየ አረፋ እዚያ ለአንድ ሰዓት ላይቆይ ይችላል።

እንዲህ ያለ የዶክትሬት ጥናት የሚጀመረው በጨረር አጠገብ አለመሆኑን ተማሪዎች ቢያውቁ መልካም ነው። የአንድ ንጥረ ነገር ኬሚካላዊ ጠባይ የሚወሰነው በኤሌክትሮኖቹ ስለሆነ፣ ጨረር የሌለው ሲሲየም 133 በውሃና በዝቃጭ ውስጥ እንደ ሲሲየም 137 ሆኖ ይሠራል። ስለሆነም ማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድ፣ ጨረር አልባ ሲሲየምና ስትሮንቲየም፣ የአልካሊ መለኪያ፣ ማይክሮስኮፕና ትዕግሥት ያለው ቤተ ሙከራ በአዲስ አበባም ቢሆን የጥያቄውን ትልቅ ክፍል ሊያጠናው ይችላል።

ትንሹ አቃቂ በመካኒሳ

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለስ፤ እኛን ምን አገባን?

ትንሹ አቃቂ ከአዲስ አበባ ሰሜን ምዕራብ ከፍታዎች ተነስቶ የከተማውን ምዕራባዊ ክፍል ሰንጥቆ በመካኒሳ በኩል ያልፋል። ከትልቁ አቃቂ ጋር በአባ ሳሙኤል ግድብ ተገናኝቶ ወደ አዋሽ ይፈስሳል። በጉዞው የቤት ፍሳሽ፣ የቄራና የቆዳ ፋብሪካዎች እንዲሁም የሌሎች ኢንዱስትሪዎች ፍሳሽ ሲገባበት ኖሯል። በመካኒሳ አቦ አካባቢ ላደገ ሰው የወንዙ ሽታ እንግዳ አይደለም። በዚሁ ወንዝ ዳርቻ ለብዙ አሥርት ዓመታት ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ በወንዙ ውሃ እየለማ ወደ ከተማው ገበያ ሲቀርብ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2002 በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት የታተመው የዶክተር ፍስሐ ኢታና ጥናት በአዲስ አበባ በሚለሙ ቅጠላ ቅጠል አትክልቶች ውስጥ ያለውን የከባድ ብረቶች መጠን ለክቶ በጤና ላይ የሚኖረውን አንድምታ መርምሯል።

ትንሹ አቃቂ የኑክሌር ዝቃጭ የለበትም። የዝቃጩ ፊዚክስ ግን አንድ ነው፤ ደቃቅ ብናኝ፣ በብናኙ ገጽ ላይ የተጣበቀ መርዝ፣ ለመለየት የሚያስቸግር ብዙ ውሃ። እንዲያውም በአንድ ረገድ የእኛው ይብሳል። ሲሲየም 137 በ300 ዓመታት ውስጥ አንድ ሺህኛ ገደማ ይሆናል፤ ክሮሚየም፣ እርሳስና ካድሚየም ግን ግማሽ ዕድሜ የላቸውም። ካልተወገዱ በቀር ከ300 ዓመታትም በኋላ ክሮሚየሙ ያው ክሮሚየም፣ እርሳሱም ያው እርሳስ ነው።

ታዲያ በወንዙ ውስጥ ናኖ አረፋ ብንነፋስ? እዚህ ላይ ወረቀትና እርሳስ እናንሳ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። በመሆኑም በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ሊሟሟ የሚችለው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ 9 ሚሊግራም ሲሆን በእኛ ከተማ 7 ሚሊግራም ገደማ ነው። ወንዞቻችን ከመነሻው በኦክስጅን ድሆች ናቸው ማለት ነው፤ የሚበሰብስ ቆሻሻ ሲገባባቸውም ፈጥነው ይታፈናሉ።

አንዳንድ ማስታወቂያዎች ናኖ አረፋ በውሃ ውስጥ «የኦክስጅን ጎተራ» እንደሆነ ይናገራሉ። እናስላው። ብዙ ጊዜ የሚዘገበው የአረፋ ብዛት በአንድ ሚሊሊትር 100 ሚሊዮን ያህል ነው። የእነዚህ ሁሉ ይዘት ተደምሮ፣ በውስጣቸው ያለው 15 ከባቢ አየር የሚሆን ግፊት ታስቦ፣ ጋዙም ንጹሕ ኦክስጅን ነው ተብሎ ሲሰላ፣ በአረፋዎቹ ውስጥ ያለው ኦክስጅን በዚያው ውሃ ውስጥ ከሚሟሟው አንድ ሺህኛ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ጎተራ አይደለም፤ እፍኝም አይሞላም። ማሽኑ ሊጠቅም የሚችለው ጋዙን ወደ ውሃው በተሻለ ብቃት በማስገባቱና ብናኝን ለማንሳፈፍ በመርዳቱ ነው።

ከዚህም በላይ ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ። ኦክስጅን በሌለው የወንዝ ጭቃ ውስጥ ብዙ ብረቶች ከሰልፈር ጋር ተጣብቀው ይገኛሉ። ጭቃው በኦክስጅን ሲናወጥ ሰልፈሩ ይበላና ብረቶቹ ወደ ውሃው ይለቀቃሉ። ኦዞን የተሞላ አረፋ ከሆነ ደግሞ ቆዳ በሚያለፉ ፋብሪካዎች የሚገኘውን ሦስትዮሽ ክሮሚየም እጅግ መርዛማ ወደሆነው ስድስትዮሽ ክሮሚየም ሊለውጠው ይችላል። በጎ ሐሳብ ብቻውን አይበቃም፤ ሽታው ጠፍቶ መርዙ ሊብስ ይችላልና። ናኖ አረፋ ለትንሹ አቃቂ የሚጠቅም ከሆነ ቦታው ወንዙ ውስጥ ሳይሆን ፍሳሹ ወንዝ ከመግባቱ በፊት፣ በፋብሪካው የማጣሪያ ገንዳ ውስጥ ነው። እዚያ የሚገፈፈው ዝቃጭ ይሰበሰባል፣ ይመዘናል፣ የት እንደሚቀመጥም ይታወቃል።

ከወዲሁ ሊታሰብበት የሚገባ

ኢትዮጵያ ከዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ድርጅት አባል የሆነችው ድርጅቱ በተቋቋመበት በ1957 እ.ኤ.አ. ነው። የጨረር መከላከያን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 79 በ1986 ዓ.ም.፣ የጨረርና የኑክሌር መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1025 ደግሞ በ2009 ዓ.ም. ወጥተዋል። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በአገራችን ራዲዮአክቲቭ ቆሻሻ ሲባል በዋነኛነት የሚታሰቡት በሕክምና፣ በኢንዱስትሪና በምርምር አገልግለው የተተዉ የጨረር ምንጮች ነበሩ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ግን ኢትዮጵያና ሩሲያ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር በሞስኮ ተፈራርመዋል። ስለዚህ የኑክሌር ቆሻሻ ጥያቄ ከእንግዲህ የሌላ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የዛሬ ማመንጫዎች ነዳጅ በማግኖክስ አይሸፈንም፤ ዝቃጩም እንደ ሴላፊልዱ አይሆንም። ከሴላፊልድ የሚገኘው ትምህርት ግን በቅይጡ ዓይነት አይወሰንም። በ1950ዎቹ የነበሩት መሐንዲሶች አላዋቂዎች አልነበሩም፤ ማመንጫውን ሲነድፉ ቆሻሻው ከኩሬው እንዴት እንደሚወጣ የሚመልስ ንድፍ አብሮ ስላልተሠራ ግን ሥራውና ወጪው ለልጅ ልጆቻቸው ተላለፈ። በትንሹ አቃቂ ዳርቻም የሆነው በመሠረቱ ከዚህ አይለይም። ፋብሪካው ሲተከል የፍሳሹ መድረሻ አልታሰበም፤ ዕዳውን የተቀበሉት ከታች ያሉት የጎመንና የቆስጣ መደቦች ናቸው።

በዚህ መስክ ለመሥራት የምትሹ ተማሪዎች፣ ናኖ አረፋን እንደ ተአምር አትመልከቱት፤ እንደ ተራ ወሬም አትናቁት። የገጽታ ውጥረትን፣ የኮሎይድን ጠባይና የጨረርን ሕግ በሚገባ አጥኑ። ወደፊት በአገራችን የሚነደፍ ማመንጫም ሆነ ፋብሪካ በፊታችሁ ሲቀርብ የቆሻሻውን መንገድ የሚያሳየውን ገጽ ገልጣችሁ ፈልጉ። ያ ገጽ ከሌለ ንድፉ ገና አላለቀም።